ያለ ስህተት እያነበበ የማያነብ ሰው

እ.ኤ.አ. በ1887 ፓሪስ ውስጥ አንድ ነጋዴ በድንገት ማንበብ አቃተው። ያወራል፣ ያያል፣ ይጽፋልም። የገዛ እጅ ጽሑፉን ግን መልሶ ማንበብ አይችልም! ፊደል ለመለየት ቅርጹን በጣቱ ይከተል ነበር። በ1892 ሲሞት ሐኪሙ ዡል ደዠሪን አንጎሉን መርምሮ የጉዳቱን ቦታ አሳየ።

በ1973 ደግሞ ጆን ማርሻልና ፍሬዳ ኒውኮምብ በአንጎል ጉዳት የሚመጣውን የንባብ ችግር በስህተቱ ዓይነት ለዩት። አንዱ ታማሚ "ካናሪ" የሚል አይቶ "በቀቀን" ይላል፤ ቃሉ ጠፍቶ የትርጉም ዘመዱ ይመጣል። ይህን "ጥልቅ ዲስሌክሲያ" አሉት። ሌላው ቃሉን በመልኩ አያውቀውም፤ ድምፅ እየገጣጠመ ያነባል። ይህ የላይ ላዩ ዓይነት ነው። በእንግሊዝኛ ቶሎ ይጋለጣል፤ አጻጻፉና አነባበቡ የተጣሉ ቃላት ሞልተውታላ።

ስፓኒሽስ? እንደተጻፈ ይነበባል። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ድምፅ እየገጣጠመ ገጹን ያለ ስህተት ሊጨርስና "ደህና ነህ" ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። ኮሎምቢያዊው አልፍሬዶ አርዲላማ በ1991 ጥልቁ ዓይነት የስፓኒሽ ተናጋሪዎች ጠባይ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1994፣ እነ ሩይዝ ስፓኒሽ ብቻ የሚናገሩ ሁለት ታማሚዎችን ይዘው ብቅ አሉ። በ1995 አርጀንቲናዊው አልዶ ፌሬሬስ ሌላ ጨመረ፤ በ2005 ደግሞ እነ ፌሬሬስ የላይ ላዩን ዓይነት በስፓኒሽ አሳዩ። ቋንቋው ሕመሙን ደበቀው እንጂ አልከለከለውም ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ታዲያ እንዴት ይያዛል? ጮክ ብሎ ማስነበብ ብቻውን አይበቃም። በስፓኒሽ ሁለቱም "ኦላ" ተብለው የሚነበቡ ቃላት አሉ፤ አንዱ "ሰላም"፣ ሌላው "ማዕበል" ነው፣ የሚለያቸው የማይነበብ አንድ ፊደል ብቻ። (የእኛን "ሰረቀ"ና "ሠረቀ" አስቡ።) ታማሚው በጽሑፍ አይቶ የትኛው የቱ እንደሆነ ይጠየቃል። ድምፅ ገጣጣሚው እዚህ ይያዛል። ትርጉም የሌላቸው የፈጠራ ቃላትም ይሰጡታል፤ የታወቀውን እያነበበ በእነዚህ ከተሰናከለ የተጎዳው የድምፅ መንገዱ ነው። ቃሉ በረዘመ ቁጥር ጊዜው ከረዘመ ደግሞ ፊደል በፊደል እየለቀመ ነው ማለት ነው፤ ጽፎ የጻፈውን ቆይቶ እንዲያነብ ማድረግም የፓሪሱን ነጋዴ ዓይነት ያወጣል።

በ1995 ቫዬና ኩዌቶስ እንዲህ ያሉትን ፈተናዎች ለስፓኒሽ አዘጋጅተው አሳተሙ። መርማሪው ግን መጀመሪያ ሰውየው ከመታመሙ በፊት ምን ያህል ያነብ እንደነበር ቤተሰቡን መጠየቅ አለበት፤ ድምፀ አንድ ፊደላትን ማምታታት ትምህርት ብዙ ያልገፋ ጤነኛ ሰውም ዘንድ አለና።