ደቂቅ ወይስ ደቂቃ? ስለ ሾፓን ትንሽ ቫልስ

በግዕዝ ደቂቅ ማለት ትንሽ፣ ረቂቅ ማለት ነው፤ የዚሁ ቃል ዘመድ የሆነው ደቂቃ ግን በሁላችን ዘንድ የሰዓት ክፋይ ሆኖ ይታወቃል። በእንግሊዝኛም እንደዚሁ ሁለቱ ቃላት በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈው በንባብ ብቻ ይለያያሉ። ይህ ዝምድና በአንድ የፒያኖ ድርሰት ላይ ያመጣውን ስሕተት መመልከት ሳይጠቅም አይቀርም።

ድርሰቱ የፖላንዱ ተወላጅ ፍሬዴሪክ ሾፓን በ1847 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር) አሳትሞ ለወይዘሮ ዴልፊና ፖቶትስካ በመታሰቢያነት ያበረከተው ቫልስ ነው። ደራሲው ቫልስ ከማለት በቀር ሌላ ስም አልሰጠውም። በኋላ የወጣለት ቅጽል ስም «ትንሹ ቫልስ» ተብሎ ቢተረጎም በተስማማው ነበር፤ ብዙዎች ግን «የደቂቃ ቫልስ» ብለው ስለ ተረዱት፣ ከሰዓት ጋር እንደሚሽቀዳደም ፈረሰኛ ይጋልቡበታል። በሚገባ የተጫወተው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል።

የዜማው ጠባይ ጨዋታ ነው። በመጀመሪያ ቀኝ እጅ ብቻውን በአንድ ድምፅ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ቀጥሎም ግራ እጅ የቫልሱን ሦስት ምት ይዞ ይከተለዋል። ደራሲዋ ጆርጅ ሳንድ የነበራት ውሻ ጭራውን ለመያዝ ሲዞር አይቶ ደረሰው ይባላል፤ ነገሩ ተረት ቢሆን እንኳ የዜማውን ጠባይ በትክክል ይገልጻል። በመካከሉ ግን ሩጫው ይበርድና ረጋ ያለ፣ የሰው ድምፅ የሚመስል ዜማ ይሰማል። ከዚያም አንድ ድምፅ ከጎረቤቱ ጋር እየተፈራረቀ ለረጅም ጊዜ ይርገበገብና የፊተኛው ሽክርክሪት ይመለሳል። ለሰዓት የሚሮጥ ሰው የሚያጣው ይህንኑ የመካከሉን ዕረፍት ነው።

ይህን የመሰለ ደስታ የጻፈው ሰው ደስተኛ ነበር እንዳንል ታሪኩ ይከለክለናል። ሾፓን በ1830 ዓ.ም. ከዋርሶ ከወጣ ወዲህ አገሩን ዳግመኛ አላየም፤ የደረት ሕመምም ጉልበቱን አድክሞት ነበር። ቫልሱ በታተመበት በ1847 ዓ.ም. ለብዙ ዓመታት አብራው ከኖረችው ከጆርጅ ሳንድ ጋር ተለያየ። በየካቲት 16 ቀን 1848 ዓ.ም. በፓሪስ ለሕዝብ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጫወት፣ ፕሮግራሙን የዘጋው በቫልስ ነበር። በጥቅምት 17 ቀን 1849 ዓ.ም. በ39 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ።

እንግዲህ የሥራ ትንሽነት የዋጋ ማነስ፣ የዜማ ጨዋታነትም የሐሳብ መቅለል ምልክት አይደለም። በሕመም ላይ ያለ ሰው ለወዳጆቹ ኀዘኑን ሳይሆን ፈገግታውን መርጦ መስጠቱ ታላቅ ልግስና ነው። ስለዚህ ይህን ቫልስ የሚጫወት ተማሪም ሆነ የሚሰማ ሰው፣ ሰዓቱን ወደ ኪሱ መልሶ፣ ደቂቃውን ትቶ ደቂቁን ቢመለከት፣ የደራሲውን ስጦታ በሙሉ ይቀበላል።