ሕያው እንቅስቃሴ

መካኒሳ አቦ አካባቢ ሁለት ወጣቶች በምልክት ቋንቋ ሲጨዋወቱ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ያለው መካኒሳ ነው። እጆቻቸው ይፈጥናሉ፣ ይዞራሉ፣ ወደ ደረት ተጠግተው ይርቃሉ፤ ፊታቸውም አብሮ ይናገራል። ዐይን ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚያነብ የሚያጠኑ ሰዎች ባዮሎጂካል ሞሽን የሚል ቃል አላቸው። በአማርኛ “ሕያው እንቅስቃሴ” ብንለው ይስማማል። “ሥነ ሕይወታዊ እንቅስቃሴ” የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ያስመስለዋል፤ የተፈለገው ግን ነፍስ ያለው ፍጡር ሲንቀሳቀስ የሚታወቅበት አኳኋን ነው።

ጥናቱን ያስጀመረው በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲው ጉናር ዮሃንሰን ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ በሰው ትከሻ፣ ክርን፣ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ጥቂት ብሩህ ነጥቦች አድርጎ ጨለማ ውስጥ ሲራመድ ቀረጸው። ፊልሙ ቆሞ ሲታይ የተበታተኑ ነጥቦች እንጂ ሰው አይመስልም። ሲንቀሳቀስ ግን ተመልካቹ ዐይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚራመድ ሰው መሆኑን ያውቃል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ወዳጅን እንኳ በነጥቦቹ አካሄድ ብቻ መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። ምስሉ ሲገለበጥ ግን ዐይን ይቸገራል።

አንጎል ለዚህ ብዙ ይደክማል። በመጀመሪያው የእይታ ማዕከል ያለች አንዲት የነርቭ ሕዋስ የምታየው ጠባብ ቁራጭ ብቻ ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ ፊት የሚያልፍ መስመር ደግሞ በትክክል ወዴት እንደሚሄድ አይለይም። ኤም ቲ የተባለው ክፍል እነዚህን ቁርጥራጮች አገጣጥሞ አቅጣጫና ፍጥነት ያወጣል። ጎረቤቱ ኤም ኤስ ቲ መስፋትን፣ መጥበብንና መሽከርከርን ይለያል። የሰውን አካል እንቅስቃሴ ለማወቅ ደግሞ ከጆሮ በላይ፣ በአንጎል ጎን ያለው ረጅም ስርጓድ ትልቅ ድርሻ አለው።

ይህ እንቅስቃሴን የማየት ችሎታ ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ በ1983 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የተጠናች አንዲት ታካሚ አሳይታለች። አንጎሏ በሁለቱም ጎን ተጎድቶ ነበር። ቀለምና ቅርጽ ታያለች፤ ሻይ ስትቀዳ ግን ፈሳሹ ረግቶ የቆመ ይመስላታል። ሩቅ ያየችው መኪና ድንገት አጠገቧ ይሆናል። የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ስለማይታያት ጨዋታ መከታተል እንኳ ያስቸግራት ነበር።

ወደ መካኒሳ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል። በአሜሪካው የጣት ፊደል እንቅስቃሴ የሚሹት ጄ እና ዚ ብቻ ናቸው። በኢትዮጵያው ግን የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይይዛል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ድምፆች የሚለየው እንቅስቃሴው ነው። “ለ”፣ “ሉ” እና “ሊ” በአንድ የእጅ ቅርጽ ይሠራሉ። እንቅስቃሴው ያመለጠው ዐይን ተነባቢዎቹን ይዞ አናባቢዎቹን ያጣል ማለት ነው። ፊደላችንን ከነባሕርይው ወደ እጅ ያመጣ ድንቅ ሥራ ነው፤ ከምናደንቀውም በላይ ሊደነቅ ይገባል።

እንቅስቃሴ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሸከም ቪቪየን ታርተር እና ኬኔት ኖልተን በ1981 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት አሳይተዋል። በምልክት ቋንቋ የሚነጋገሩ ሰዎች እጅና ፊታቸው ሳይታይ፣ በ27 ተንቀሳቃሽ ነጥቦች ብቻ መግባባት ችለዋል። ከነጥቦቹ በቀር ሌላው ሁሉ ጠፍቶ መልእክቱ ተርፏል።

ስለዚህ በቴሌቪዥን ጥግ የምትቀመጠው የአስተርጓሚ ሳጥን ጌጥ አይደለችም። ምስሉ ሲንተባተብ ወይም እጅ ከሳጥኑ ሲወጣ የሚጠፋው ቃል ነው። ጣቢያዎቻችን ሳጥኗን ያስፉ፣ የአስተርጓሚው እጆች ሙሉ በሙሉ እንዲታዩ ያድርጉ፣ ምስሉም ሳይቆራረጥ ይድረስ። አንባቢም የምልክት ቋንቋ ከሚጠቀም ሰው ጋር ሲነጋገር ብርሃኑ ከጀርባው ሳይሆን ከፊቱ እንዲሆን ያስብ።