ሉተንና የ30 ነጥብ ዕዳ

ኳስ የምትወዱ ልጆች «የገንዘብ ሕግ የጣሰ ክለብ በገንዘብ አይቀጣም እንዴ? ነጥቡ ምን አደረገ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ2002 ሌስተር ሲቲ አዲስ ስታዲየም ሠርቶ፣ ከፕሪሚየር ሊግ ወርዶ፣ ዕዳ ሲያንቀው በኪሳራ አስተዳደር ሥር ገባ። ብዙ አበዳሪዎች ገንዘባቸው ቀረ። ክለቡ ግን በዚያው የውድድር ዘመን 2ኛ ሆኖ ጨርሶ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመለሰ! ዕዳቸውን በሥርዓት የሚከፍሉ ክለቦች ተቆጡ። ከ2004 ጀምሮ ኪሳራ ውስጥ የገባ ክለብ 10 ነጥብ እንዲቀነስበት ሆነ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የገንዘብ ቅጣት ለሀብታም ክለብ ምንም አይደለም፣ ለከሰረው ደግሞ ሌላ ዕዳ ነው። ነጥብ ግን ሁሉንም ያማል።

ጥያቄው «ማንን ነው የሚያመው?» ነው። ሉተን ታውንን እንይ። በ2008 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በቀድሞዎቹ ባለቤቶች ዘመን ለተጫዋች ወኪሎች ከደንብ ውጪ ለተከፈለ ገንዘብ 10 ነጥብ ቀነሰበት። ሊጉ ደግሞ ከኪሳራ የወጣው ከአበዳሪዎቹ ጋር በደንቡ መሠረት ሳይስማማ ነው ብሎ 20 ጨመረበት። ሉተን ውድድሩን በ30 ነጥብ ዕዳ ጀመረ። ሜዳ ላይ 56 ነጥብ ሰበሰበ፤ ሠንጠረዡ ላይ የተጻፈለት ግን 26 ነው። ከሊጉ ወጣ። ገንዘቡን ያበላሹት ሄደዋል፤ የተቀጡት ክለቡን ከመፍረስ ያዳኑት ደጋፊዎች ናቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ሉተን ወደ ሊጉ ለመመለስ እስከ 2014፣ ፕሪሚየር ሊግ ለመግባት እስከ 2023 ፈጀበት። በዚያው የውድድር ዘመን ኤቨርተን በሦስት ዓመት ከሚፈቀደው የ105 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሳራ በማለፉ 10 ነጥብ ተቀነሰበት፤ በይግባኝ 6 ሆነ፤ በኋላም በሌላ ክስ 2 ተጨመረበት። ኖቲንግሃም ፎረስትም 4 ነጥብ አጣ። ሁለቱም ግን ተረፉ። በትንሽ በጀት የመጣው ሉተን ወረደ። ነጥቡም ያው 26!

እኔ ቅጣቱ ይቅር አልልም፤ ቢቀር የሌስተር ነገር ይደገማል። ግን ነጥብ ተጫዋቹንና ደጋፊውን ይነካል እንጂ ክለቡን ሸጦ የሄደውን ባለቤት አያገኘውም። ተጠያቂነት ጥፋተኛውን ካልተከተለ ግማሽ ፍትሕ ነው።

እናንተ ዳኛ ብትሆኑ ማንን ትቀጡ ነበር? እስቲ ጻፉልኝ።