ከጠገራ ወደ ወረቀት፦ የቆየ ገንዘብ ሰብሳቢዎችና የባንክ ወረቀት በአዲስ አበባ

በኢትዮጵያ የጥንት ገንዘብ አሰባሰብ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ማዕድኑ ነው። የአክሱም ነገሥታት የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ከወጣው ከአንዛኒ ጥናት ጀምሮ፣ በሊቃውንት በዝርዝር ተመዝግቧል፤ የማርያ ቴሬዛ ጠገራም ሆነ የዐፄ ምኒልክ የ1887 ዓ.ም. ብርና አላድ የየራሳቸው ተመራማሪ አግኝተዋል። የወረቀቱ ገንዘብ ይህን ዕድል ሳያገኝ ብዙ ዘመን ቈየ። ማዕድን ወዳዱ ሰብሳቢ ፊቱን ወደ ወረቀቱ ያዞረው በቅርቡ ነው፤ ይህ መዞር ለታሪክ ጥናት ምን እንዳመጣና ምን እንዳጠፋ መመርመር ይገባል።

በውጭው ዓለምም ቢሆን ነገሩ የዘገየ ነው። የባንክ ወረቀት ሰብሳቢዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር የተቋቋመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ሲሆን፣ ጀርመናዊው አልበርት ፒክ የዓለምን ወረቀት ሁሉ በቍጥር የለየበት መዝገብ ለሰብሳቢዎች የጋራ መነጋገሪያ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ ወረቀቱ የተናቀበት ምክንያት ግን ከሰብሳቢው ቤት በፊት በገበያው የተወለደ ነው። የአቢሲንያ ባንክ በ1897 ዓ.ም. በተሰጠው የኃምሳ ዓመት ውል ወረቀት የማውጣትን መብት ለብቻው ቢያገኝም፣ የመጀመሪያዎቹ የ5፣ የ10፣ የ100 እና የ500 ብር ወረቀቶች የወጡት በ1907 ዓ.ም. ገደማ ነው። ባላገሩ ጠገራውን እንኳ ሲቀበል በንግሥቲቱ ዘውድና በደረቷ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ቈጥሮ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ክብደቱን በእጁ መዝኖ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እሳት የሚበላውን፣ ምስጥ የሚበሳውን ነገር የሀብቱ ማኖሪያ አድርጎ እንዲቀበል መጠበቅ አይቻልም፤ ይህንንም ድንቍርና ብለው የጻፉ የውጭ አገር መንገደኞች ፍርዳቸው የችኰላ ነበር። ወረቀቱ በይበልጥ የታመነው በዋና ከተማይቱና በባቡሩ መስመር ነው። ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ለገሃር የዚያ መስመር መጨረሻ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ የአቢሲንያን ባንክ ከተካ በኋላ እንኳ፣ በ1927 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ በሕዝቡ እጅ የነበረው ወረቀት ሁሉ ቢደመር ከሦስት ሚሊዮን ብር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1925 ዓ.ም. የሚል ቀን ያለበትና የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌይቱን ምስል አጣምሮ የያዘው ባለ 2 ብር ወረቀት የወጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ካዛንቺስ የወረቀቱን ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ በስሙ ይዞታል። ስሙ የኢጣልያ መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት የሚሠራበት ድርጅት ከሚጠራባቸው ፊደላት፣ ማለት «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው፣ የመጣ ነው። ቤቶቹን የሠራው መንግሥት በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ሊሬን ሕጋዊ ገንዘብ አድርጎ፣ የኢትዮጵያ ባንክን ወረቀት በ3 ሊሬ ሒሳብ ሰበሰበ፤ ከመስከረም 1931 ዓ.ም. ጀምሮም «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ልዩ ጽሕፈት የታተመበት ሊሬ እንዲወጣ ፈቀደ። ሕዝቡ ጠገራውን አውጥቶ ወረቀቱን እንዲቀበል ሲሉ የጠገራውን ዋጋ ወደ 4.50፣ ቀጥሎም ወደ 5 ሊሬ፣ በመጨረሻ እስከ 13.50 ሊሬ ከፍ አደረጉት፤ ጠገራው ግን ከተቀበረበት አልወጣም። ሰብሳቢዎች እነዚህን ሊሬዎች ዛሬ የሚፈልጓቸው ስለ ሕትመታቸው ነው። የታሪክ ተመራማሪ ግን ባለ ጠገራው ለወረራው የሰጠውን መልስ በዚህ የዋጋ መሰላል ላይ ያነባል።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ገንዘብ ከዚህ ትምህርት የወሰደ ይመስላል። ወረቀቱ ብቻውን አልወጣም፤ ከእርሱ ጋር እውነተኛ የብር ማዕድን ያለበት የ50 ሳንቲም ገንዘብ አብሮ ስለ ወጣ ወረቀቱ ከማዕድኑ እምነት ተበደረ። በወረቀቶቹ ላይ ያለው ፊርማም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ በአሜሪካዊው በጆርጅ ብላወርስ ተጀምሮ በሌሎች የውጭ አገር ገዥዎች ካለፈ በኋላ ወደ አቶ ምናሴ ለማ ደረሰ። በውጭ ቋንቋ «ዶላር» ይባል የነበረው ገንዘብ በአማርኛው ጽሕፈት ከመጀመሪያው «ብር» ነበርና፣ በ1969 ዓ.ም. ደርግ ስሙን ለወጠ የሚባለው ለውጭ አገር አንባቢ እንጂ ለአገሬው የሚሠራ አይደለም። ሕዝቡ የማዕድኑን ስም ለወረቀቱ ያወረሰው ከዚያ በፊት ነው።

የ1969ኙ ለውጥ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል የያዘውን ወረቀት ከገበያ አወጣ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የታወጀው ለውጥም እንዲሁ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ወረቀቶችን በሦስት ወር ውስጥ እንዲመለሱ አድርጎ ባለ 200 ብሩን ጨመረ። ጠገራ ከሕግ ቢወጣ እንኳ ማዕድኑ ይቀራል፤ ወረቀት ግን ቀኑ ካለፈ ባዶ ነው። ስለዚህ በሰብሳቢ እጅ ያለው ሻረ ወረቀት አብዛኛው ያልተመለሰ ወረቀት፣ ማለት ባለቤቱ ሳይለውጠው የቀረ ነው። መንገድ የራቀበት፣ የገንዘቡን ምንጭ መግለጽ የፈራ፣ የደበቀበትን ሳይናገር የሞተ፣ ወይም ለመታሰቢያ ብሎ ያስቀመጠ ሊሆን ይችላል። የቀረው ከጠፋው ጋር አንድ ዓይነት አይደለምና፣ በስብስብ ውስጥ የበዛው ወረቀት በገበያም የበዛ ነበር ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ነው።

ከሳንቲም ወደ ወረቀት የተሻገረው ሰብሳቢ የቀድሞውን ልማድ ይዞ መምጣቱ ችግሩን ያባብሰዋል። ለሳንቲም ያልተፋቀና ያልተቧጠጠ መሆን ክብር ነው፤ ወረቀትም በዚያው ሚዛን ሲመዘን ያልታጠፈውና ያልተነካው ይወደዳል፣ የቈሸሸው ይጣላል። ለጥናት ግን የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ የተጣለው ነው። እጥፋቱ በኪስ ወይም በመቀነት መኖሩን፣ በጠርዙ ላይ የተጻፈው ሒሳብ የነጋዴ እጅ መንካቱን፣ የመርፌው ቀዳዳ ከሌላ ወረቀት ጋር መያያዙን ይነግራል። በቀለም የታጠበና በብረት የተተኰሰ ወረቀት ዋጋው ሊጨምር ይችላል፣ ምስክርነቱ ግን አብሮ ታጥቧል።

ከለገሃር ሽቅብ በሚወጣው በቸርችል ጎዳና ባሉ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫዎች ጠገራውና የንጉሡ ዘመን ወረቀት ጎን ለጎን ለመንገደኛ ይቀርባሉ። በዚያ የሚገዛ ሰው ዓመቱን፣ ፊርማውንና ተራ ቍጥሩን ከወረቀቱ ላይ ያነባል፤ ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው ሣጥን እንደ ወጣ ግን ወረቀቱ አይጽፍም፣ ሻጩም ካልተጠየቀ አይናገርም። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወር፣ የኢጣልያ ዘመን ቤቶችና ከእነርሱ በኋላ የተሠሩት ጎጆዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ያቀፉት የቤት ዕቃ ሁሉ አብሮ ተነቃነቀ። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ወረቀት ሲገኝ በጀርባው ሳይሆን በተለየ ካርድ ላይ የሰፈሩን ስም፣ የቤተ ሰቡን ሥራና የተቀመጠበትን ስፍራ መጻፍ ለሰብሳቢው የአንድ ደቂቃ ድካም ነው፤ ዕቃው ሁለት ጊዜ ከተሸጠ በኋላ ግን ይህን ሊጽፍ የሚችል ሰው የለም።