አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ?

አማርኛ ተናጋሪ ከማያውቀው ሰው ጋር ወሬ ሊጀምር ሲነሳ ገና አፉን ሳይከፍት አንድ ፍርድ መስጠት አለበት። ታክሲ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠችውን ሴትዮ «እዚህ ትወርጃለሽ?» ይበላት ወይስ «እዚህ ይወርዳሉ?» ፊቷን ያያል፣ አለባበሷን ያያል፣ የያዘችውን ያያል፣ ይወስናል። ከሳተ ጉድ ፈላ። «ማን ነው አንቺ ያለኝ?» የምትል አለች፤ «ምነው ያለ ዕድሜዬ አስረጀኸኝ?» ብላ የምትቀየምም አለች። ማምለጫ የለም። ግሡ ራሱ ጾታና ክብር ካልነገሩት አልዘረዘርም ይላል። እንግሊዝ ይህ ጣጣ የለበትም፤ «ዩ» ብሎ ይገላገላል። ለአለቃውም ዩ፣ ለውሻውም ዩ።

ይህቺ «ዩ» በኮምፒዩተር ታሪክ ውስጥ የዋለችውን ውለታ ግን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ከእሷ ጋር የተያያዘ አንድ የቆየ ታሪክ ላውጋችሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆች ናቸው።)

በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ማሳቹሴትስ በሚገኘው ኤም.አይ.ቲ. በተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ጆሴፍ ዋይዘንባም የሚባል መምህር ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚያወራ ፕሮግራም ሠራ። ዋይዘንባም በ1923 በርሊን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በ1936 ከቤተሰቡ ጋር ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው አልነበረም። ይህን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም፤ የአንድን ቋንቋ መገጣጠሚያ ብሎን ለይቶ የሚያየው ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ ሰው ነው። ሥራውን በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ፕሮግራሟን ኢላይዛ አላት።

ስሙ የተወሰደው ከበርናርድ ሾው «ፒግማሊዮን» ነው። ተውኔቱን ሳስተምር ተማሪዎቼ ከሁሉ የሚወዱት ሦስተኛውን ገቢር ነበር። አበባ ሻጯ ኢላይዛ ዱሊትል በፕሮፌሰር ሂጊንስ እጅ አነጋገሯን ስትሞረድ ከርማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋ ሰዎች ፊት ትቀርባለች። ድምፅዋ እንከን አይወጣለትም። የምታወራው ግን ስለ አክስቷ አሟሟት ነው፤ ሰዎች ሳይገድሏት አልቀሩም ትላለች። አነጋገሩ የእመቤት፣ ወሬው የሰፈር። እንግዶቹስ ምን አሉ? አዲስ የመጣ የወግ ፋሽን ነው ሲባሉ ተቀበሉት! ሾው የተሳለቀው በልጅቷ አይደለም፣ በአድማጮቿ ነው። የንግግሩ መልክ ካማረ ይዘቱን አድማጩ ከኪሱ አውጥቶ ያሟላዋል። ዋይዘንባም ይህንኑ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በማሽን አየው።

እስቲ ሆዷን ከፍተን እንያት። ኢላይዛ የሚጻፍላትን አትረዳም። ቁልፍ ቃል ትፈልጋለች፤ ስታገኝ ዓረፍተ ነገሩን እዚያ ላይ ትሰብረዋለች፤ ስባሪውን ደግሞ አስቀድሞ በተዘጋጀ ጥያቄ ውስጥ ትሰካዋለች። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ «እናቴ ትጠላኛለች» ብሎ ቢጽፍ፣ «ማይ»ን «ዩር»፣ «ሚ»ን «ዩ» አድርጋ «እናትህ እንደምትጠላህ ለምን አሰብክ?» የሚል ጥያቄ ማውጣት ትችላለች። በእንግሊዝኛው ግሡ አልተነካም። ሁለት ቃል ተቀየረ፣ አለቀ።

የሥነ ልቦና ሐኪም አድርጎ ማቅረቡም ብልሃት ነበረበት። የካርል ሮጀርስን ዘዴ የሚከተል ሐኪም የታካሚውን ቃል መልሶ ለራሱ ለታካሚው ያሰማዋል፤ ስለ ዓለም ምንም የማያውቅ ቢመስል አይታማም። ኢላይዛ ቁልፍ ቃል ሲጠፋባት «እሺ፣ ቀጥል» ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ ሰውዬው ቀደም ብሎ «የእኔ» ያለውን ነገር ከማኅደሯ አውጥታ ታነሳበታለች። ሰው የሚረታው በዚህች ነው። የተናገርነውን ያስታወሰልን ሁሉ ያሰበልን ይመስለናል።

ነገሩ ግን እንዲህ ሲያወሩት እንደሚመስለው ቀላል አልነበረም። «ዩ» ባለቤትም ተሳቢም ናት። ወደ ተናጋሪው ስትዞር አንዴ «አይ»፣ አንዴ «ሚ» መሆን አለባት፤ የትኛዋ እንደሆነች መለየት ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን መረዳት ይጠይቃል። ዋይዘንባም በቅርጽ አለፈው፤ ከ«ዩ» በኋላ «ሚ» የምትመጣበትን አነጋገር ለብቻው ደንብ አበጀለት። በ1977 ክሪኤቲቭ ኮምፒዩቲንግ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የኢላይዛን አምሳያ በቤዚክ ቋንቋ አትሞ ሲያወጣ፣ ትንሽ ኮምፒዩተር ያለው ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ የራሱን ኢላይዛ መሥራት የሚችልበት መንገድ ተከፈተ። በዚህ ሥራ ጀማሪ የሚወድቅባት አንዲት ጉድጓድ አለች። «አይ»ን ሁሉ «ዩ» አድርግ ብሎ ያዛል፤ ቀጥሎ «ዩ»ን ሁሉ «አይ» አድርግ ይላል። ሁለተኛው ትእዛዝ የመጀመሪያውን ያፈርሰዋል፤ ማሽኑ ስለ ጠያቂው ሲጠየቅ ስለ ራሱ ማውራት ይጀምራል። መድኃኒቱ አንዴ የተለወጠ ቃል ሁለተኛ እንዳይነካ ምልክት ማድረግ ነው። «እኔ»ና «አንተ» መቀላቀላቸው የሰውም በሽታ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ዋይዘንባም በ1976 ባወጣው መጽሐፍ ያስደነገጠውን ነገር ጽፏል። የቢሮው ጸሐፊ እሱ ፕሮግራሙን ለወራት ሲሠራ ስታይ የከረመች ናት። ማሽን ብቻ መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ከኢላይዛ ጋር ጥቂት እንደተጻጻፈች ግን ዘወር ብላ፣ እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ አለችው። የግል ጨዋታ ነዋ! ከዚህ ይበልጥ ያንገበገበው የባለሙያዎቹ ነገር ነው። ኬኔት ኮልቢን የመሳሰሉ የአእምሮ ሐኪሞች እንዲህ ያለው ፕሮግራም ሐኪም ላጠራቸው ሆስፒታሎች ሊጠቅም ይችላል አሉ። ኮልቢ በ1972 ፓሪ የተባለውን፣ ሁሉን የሚጠራጠር በሽተኛ መስሎ የሚያወራውን ፕሮግራም አወጣ፤ በዚያው ዓመት ፓሪና ሐኪሟ ኢላይዛ በኮምፒዩተር መስመር ተገናኝተው አወሩ። ማሽን ማሽንን ሲያክም ማለት ነው። ዋይዘንባም የቀረ ዕድሜውን የገዛ ሙያውን በመተቸት ጨረሰ።

አሁን ኢላይዛን አማርኛ እናስተምራት ብንል ገና በመጀመሪያው ቀን እንቆማለን። «አባቴ ይመታኛል» ላለ ሰው መልሱ «አባትህ ይመታሃል?» ነው፣ «አባትሽ ይመታሻል?» ነው፣ ወይስ «አባትዎ ይመቱዎታል?» ሦስተኛውን ልብ በሉት። ተናጋሪው ለአባቱ «ይመታኛል» ብሏል፤ ልጁ ነው፣ ይችላል። መላሹ ግን ሰውዬውን አንቱ ካለ አባትዬውንም ወደ አንቱታ ከፍ ማድረግ አለበት። ማስተጋባት ብቻ አይበቃም፤ እንዲያውም ያዋርዳል። ደግሞ መደቡ እንደ እንግሊዝኛው ራሱን ችሎ የቆመ ቃል አይደለም። «እፈራለሁ» «ትፈሪያለሽ» ሲሆን ከፊትም፣ ከመካከልም፣ ከኋላም ተነክቷል። «ይፈራሉ» ካልን ደግሞ እርስዎ ይሁኑ፣ እሳቸው ይሁኑ፣ እነሱ ይሁኑ ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። የመጨረሻዋን ፊደል እያዩ በመለወጥ ልወጣው ያለ የባሰ ጉድ ያገኘዋል፤ «ሽ»ን «ኝ» አድርግ የተባለ ማሽን ስለ ጎረቤቷ ስለ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ላማረረች ሴት «ከማንጠግቦኝ ጋር ምን አጣላሽ?» ይላታል።

ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በብዙ ሰው እጅ የገቡት የቋንቋ ሞዴሎች እንዲህ ያለ ደንብ በእጅ አይጻፍላቸውም። ከተጻፈ ነገር ብዛት ቀጣዩን ቃል መገመት ይማራሉ። በኮምፒዩተር ዓለም ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ግን ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ እፍኝ ነው፤ ከእፍኙም ውስጥ ከ«ዩ» የተተረጎመ ሞልቷል። ስለዚህ «አንተ» ብሎ ጀምሮ «እርስዎ» ብሎ የሚጨርስ መልስ ታገኛላችሁ። የማውቃት አንዲት ወጣት ከአንዱ ማሽን (ስሙ ይቅር) ምክር ጠይቃ «ነፍሰ ጡር ከሆንክ» የሚል መልስ መጣላትና በሳቅ ሞተች።

እኔ ሳቋን ወደድኩት። ያቺ «ክ» ከማን ጋር እንደምታወራ ነገረቻት። ሕጸጹ ግን እየታረመ ነው፤ ጨርሶ መታረሙም አይቀርም፤ ለአማርኛችን ሲባል መታረምም አለበት። ከዚያ በኋላ በእኩለ ሌሊት ሆድ ለባሳት ልጅ «አይዞሽ እህቴ» የሚል መልስ ሲመጣ፣ ሰዋስዉ ልክ ይሆናል። እህትነቱስ? እንግሊዝኛው «ዩ» ሲል ለማንም ምንም ቃል አልገባም። አማርኛ ግን ያለ ዝምድና አያወራም፤ ልጄ፣ እናቴ፣ ወንድም ጋሼ የሚሉት ቃላት ለቅሶ ላይ የሚገኝ፣ ሲታመሙ የሚጠይቅ ሰው ቃላት ናቸው። አንዳንዶች ማሽኑ አስቀድሞ «አንቺ ልበልሽ ወይስ እርስዎ?» ብሎ ይጠይቅ ይላሉ። ጥያቄው ራሱ «ልበልሽ» ብሎ ፈርዶ ቁጭ ብሏል! ደግሞስ በእኛ አገር «ተው፣ አንተ በለኝ» የሚባለው ሰው ሰውን ሲያቀርብ ነው። የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ ሰጪው የሚቀበለው ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

የኢላይዛ የመጀመሪያው የፕሮግራም ጽሑፍ ለረጅም ዘመን ጠፋ ሲባል ቆይቶ፣ በ2021 ኤም.አይ.ቲ. ማኅደር ውስጥ ከዋይዘንባም ወረቀቶች መካከል ተገኘ። በ2024 መጨረሻም የዚያን ዘመን ኮምፒዩተር አስመስለው በሠሩት ላይ አስነሷት። ባለቤቷ ይህን አላየም፤ በስተርጅና ወደ ተሰደደበት አገር ወደ ጀርመን ተመልሶ በ2008 እዚያው አርፏል። እሷ ግን እናቴ ብሎ ለሚጽፍላት ሰው፣ እስቲ ስለ ቤተሰብህ ጨምረህ ንገረኝ ማለቷን አልተወችም። በእንግሊዝኛ ነው፣ በ«ዩር»።