ከሽፋን ሥር የቀረ ስሕተት፦ የጃፓን አየር መንገድ በረራ 123 እና የ1978ቱ ጥገና

እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1985 ከቶኪዮ ሃኔዳ ወደ ኦሳካ ሲጓዝ የነበረው የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 747 ተከስክሶ ከተሳፈሩት 524 ሰዎች 520ው አልቀዋል፤ በአንድ አውሮፕላን ብቻ ከደረሱ አደጋዎች ይህን ያህል ሕይወት የጠፋበት ሌላ የለም። መንሥኤው ግን የሰባት ዓመት ዕድሜ ነበረው፤ ይኸው አውሮፕላን በጁን 1978 ኦሳካ ላይ ሲያርፍ ጅራቱ መንደርደሪያውን በመምታቱ የኋላ የግፊት ግድግዳው፣ ማለትም አየር የታመቀበትን የመንገደኞች ክፍል ከጅራቱ ባዶ ክፍል የሚለየው ጎድጓዳ የአልሙኒየም ግድግዳ፣ ተጎድቶ ነበር።

የቦይንግ ባለሙያዎች የግድግዳውን የታች እኩሌታ በአዲስ ሲተኩ፣ ሁለቱ እኩሌቶች በሚገጥሙበት መስመር መካከል አንድ ወጥ ማያያዣ ላሜራ ገብቶ በበርካታ ረድፍ ሪቬት እንዲጠበቅ የጥገናው ንድፍ ያዝዝ ነበር። በሥራው ላይ ግን ላሜራው ለሁለት ተቆርጦ በመግባቱ፣ ሁለት ረድፍ ሪቬት ሊሸከመው የሚገባውን ኃይል አንዱ ረድፍ ብቻውን ተሸከመ፤ የመገጣጠሚያውም ጥንካሬ ወደ 70 በመቶ ገደማ ወረደ። ንድፉ ትክክል ሆኖ ሳለ ስሕተቱ በእጅ ሥራው መግባቱ፣ የላሜራው ጠርዝም በማሸጊያ ማስቲሽ መሸፈኑ፣ ጉድለቱን ከዓይን ሰወረው፤ ያለ ቦታው የተጠገነ አጥንትም ቢሆን ቆዳ ከሸፈነው በኋላ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። አውሮፕላኑ በወጣና በወረደ ቁጥር ግድግዳው በአየር ግፊት ስለሚወጠርና ስለሚላላ፣ ብረት በተደጋጋሚ ጫና ቀስ በቀስ የሚሰነጠቅበት «የብረት ድካም» የተባለው ሂደት ከ12,000 በሚበልጡ በረራዎች ውስጥ ሲያድግ ቆየ፤ በየጊዜው የተደረጉት ምርመራዎችም አላገኙትም።

ግድግዳው በተቀደደ ጊዜ የወጣው አየር ቀጥ ብሎ የቆመውን የጅራት ክንፍ አብዛኛውን ክፍል ገንጥሎ ጣለው፤ መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱት አራቱ የሃይድሮሊክ መስመሮችም አብረው ተበጠሱ። አራት የሆኑት አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲተካው ነበር፤ ሁሉም በጅራቱ በኩል ማለፋቸው ግን ብዛታቸውን ከንቱ አደረገው። አብራሪዎቹ በሞተር ኃይል ብቻ ለ32 ደቂቃ ያህል በአየር ላይ ካቆዩት በኋላ አውሮፕላኑ በጉንማ ተራሮች ላይ ወደቀ።

በ2002 በታይዋን ባሕር ሰርጥ ላይ ተበታትኖ 225 ሰዎች ያለቁበት የቻይና አየር መንገድ በረራ 611 ከዚህ የሚለየው በጊዜው ርዝመት ነው፤ በ1980 ጅራቱ ተመትቶ የተጫረው ላሜራ ተቆርጦ ሳይወጣ ሌላ ላሜራ ስለተደረበበት፣ ስንጥቁ ከተደረበው ሥር ለ22 ዓመታት ተሸሽጎ አድጓል።