ስም ከመቃብር በላይ

ግብፃዊው ደራሲ ናጊብ ማህፉዝ በ1988 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ፣ በዓለም ፊት የተጠራው የሁለት ሰዎች ስም ነበር (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1911 እናቱ በብርቱ ምጥ ተይዛ ሳለች በሰላም ያገላገላት የካይሮ ሐኪም ናጊብ ማህፉዝ ይባል ነበር። ወላጆች ለውለታው መታሰቢያ ልጃቸውን በሐኪሙ ስም ጠሩት።

ይህ ሐኪም ከሚታወቅባቸው ሥራዎች አንዱ የፊስቱላ ጥገና ነው። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ራስ የእናቱን ፊኛ ከዳሌዋ አጥንት ጋር ይጨቁነዋል፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይሆናል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እናቲቱም ሽንቷ ያለ ፈቃዷ ሌት ተቀን ይፈሳል። በሐዘኗ ላይ ኀፍረት፣ በኀፍረቷ ላይ ብቸኝነት ይደረብባታል፤ ከገበያ፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ራሷን ታርቃለች።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ዕለት ዕለት የማመሳክረው ስም ነው፤ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ክፍያው ይቆማል። ስለዚህም ይሆናል የዚህን ሕክምና ታሪክ ሳነብ ከሐኪሞቹ ይልቅ የታማሚዎቹን ስም የምፈልገው።

ከማህፉዝ አስቀድሞ፣ ከ1845 እስከ 1849፣ ማሪዮን ሲምስ የተባለ አሜሪካዊ በአላባማዋ ሞንትጎመሪ ከተማ ጥገናውን የሞከረው በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች ላይ ነው፤ ያውም ያለ ማደንዘዣ። አናርቻ የተባለችው ብቻዋን 30 ጊዜ ያህል በቢላዋ ሥር ተኝታለች። ሲምስ በሕይወት ታሪኩ ከእርሷ ሌላ ቤትሲንና ሉሲን ጠቅሷል፤ የቀሩት ስም አልባ ሆነው ቀሩ። ኒውዮርክ ለሐኪሙ ያቆመችው ሐውልት በ2018 ከሴንትራል ፓርክ ተነሣ። በ2021 በሞንትጎመሪ የሦስቱ ሴቶች ሐውልት ቆመ፤ ከ170 ዓመታት በላይ ዘግይቶ።

ወደ አገራችን ስመለስ ልቤ ትንሽ ይጽናናል። በ1959 ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን ከአውስትራሊያ ተነሥተው በአዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ፊስቱላን ያዩት እዚሁ ነው፤ ጥገናውንም ከማህፉዝ ጽሑፎች ጭምር ተማሩ። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ።

ከታማሚዎቻቸው አንዷ፣ ፊደል ያልቆጠሩት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መጥተው በዚያው ቀሩ። አልጋ አነጠፉ፤ ቀጥሎ የቀዶ ጥገና መሣሪያ አቀበሉ፤ በኋላም ራሳቸው መርፌና ክር ይዘው ሰፉ፤ ለሐኪሞችም አስተማሪ ሆኑ። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳልያ ሰጣቸው።

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። እውነት ነው፤ የሚጽፈው ሰው ከተገኘ።